ምርመራው ሲዘገይ ይርጋው ለምን በታማሚው ላይ ይቆጠራል?

ይድረስ፦ ለሕግ አውጪዎች፣ ለዳኞች፣ ለጤና ተቋማት ኃላፊዎችና ለሐኪሞች

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን የምጽፍላችሁ በሽታው በጊዜ ሳይታወቅለት ቀርቶ ለተጎዳ ሰው የካሳ መንገድ እንዲከፈት ለመጠየቅ ነው። ካሳ መጠየቅ በብዙ አገር ሕግ ተፈቅዷል። ሰው ግን ክሱን ይዞ ሲነሣ መንገዱ ይጠብበታል፤ በተለይም ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ያጠብበታል። የሚጠብበትን ቦታ ስላየሁት ላሳያችሁ እፈልጋለሁ።

እኔ ራሴ ከተጎዱት አንዱ ነኝ። ጀርባዬን ያመኝ ነበር። ጀርባውን የማያመው ሰው የለምና መጀመሪያ ማስታገሻ ታዝዞልኝ መመለሴን አልቃወምም። በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። ሁለቱም እግሮቼ ዛሉ። መቀመጫዬና የጭኖቼ ውስጠኛ ክፍል ደነዘዘ። ሽንት ይመጣብኛል፣ አልወጣ ይለኛል። ይህንን ሁሉ ተናገርኩ። «ጡንቻ ነው፣ ዕረፍት አድርግ» ተባልኩ። ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ ምርመራ) የታዘዘልኝ ሽንቴን መቆጣጠር ጨርሶ ካቃተኝ በኋላ ነው።

ከሐብለ ሰረሰር በታች ወደ እግር፣ ወደ ፊኛና ወደ አንጀት የሚወርዱ ነርቮች አሉ። ከቦታው የወጣ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ነገር) ሲጫናቸው ሐኪሞች ካውዳ ኢኩዊና ሲንድረም ይሉታል። የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል፣ ከመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝና ከሽንት ችግር ጋር ሲመጣ በአስቸኳይ በኤምአርአይ መታየት አለበት። ይህ ለማንም ሐኪም እንግዳ ትምህርት አይደለም። ቀዶ ጥገናውም ቀጠሮ የሚያስጠብቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ 48 ሰዓት እንደ ወሰን ይጠቀሳል። ፊኛው ሥራውን ሙሉ በሙሉ ከማቆሙ በፊት ከተደረገ ደግሞ የመዳን ዕድሉ በጣም የተሻለ ነው። እኔም ቀዶ ጥገናው ተደርጎልኛል፤ ግን ከረፈደ በኋላ። ዛሬ ሽንቴን የማስወጣው በካቴተር፣ ወደ ፊኛ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ነው። ቁጭ ብዬ መሥራት የምችለው ለአጭር ጊዜ ነው። ስለ ራሴ ይህ ይበቃል። ጉዳዩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውን ለአንድ ተቋም ብቻ እጽፈው ነበር።

በሕክምና፣ ጊዜ ራሱ መድኃኒት የሚሆንባቸው ብዙ በሽታዎች አሉ። በደም መርጋት ምክንያት ስትሮክ የመታው ሰው የረጋውን ደም የሚያሟሟ መርፌ የሚሰጠው በአብዛኛው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ከደረሰ ነው። የዘር ፍሬው የተጠማዘዘበት ልጅ በ6 ሰዓት ገደማ ካልታከመ ፍሬውን ሊያጣ ይችላል። ማጅራት ገትርና ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን በመላ ሰውነት የሚያስነሣው ከባድ ቀውስ) በሰዓታት ውስጥ ሊገድሉ ይችላሉ። ካንሰር የሚሰጠው ጊዜ ረዘም ይላል እንጂ እሱም ይቆጥራል። በ2020 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ሰፊ ጥናት የካንሰር ሕክምና በ4 ሳምንት በዘገየ ቁጥር የመሞት አደጋው እንደ ካንሰሩና እንደ ሕክምናው ዓይነት ከ6 እስከ 13 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይህ ጥቂት ዕድለ ቢሶችን ብቻ የሚመለከት ጉዳይም አይደለም። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2015 ባወጣው ሪፖርት አብዛኛው ሰው በዕድሜው ቢያንስ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ወይም የዘገየ የበሽታ ልየታ እንደሚገጥመው ጽፏል። የዓለም ጤና ድርጅትም የ2024ቱን የታማሚዎች ደኅንነት ቀን ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቶታል። ችግሩ ታውቋል ማለት ነው። የተጎዳው ሰው ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ ግን ብዙም አይወራም።

ለሐኪሞች አንድ ነገር በግልጽ ልበል። የዘገየ ምርመራ ሁሉ ጥፋት አይደለም። አንዳንድ በሽታ መጀመሪያ ላይ ይደበቃል። ራስ ምታት ይዞ ከመጣ ሰው ሁሉ የአንጎል ዕጢ አይገኝም። መጨረሻውን ካወቁ በኋላ ወደ ኋላ ዞሮ «ይኼማ ግልጽ ነበር» ማለት ቀላል ነው። ወረፋው አልቆ በማያውቅ ክፍል ውስጥ ለአንድ ታማሚ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ያላችሁ መሆኑንም አውቃለሁ። እኔ የምከራከረው ምልክቱ ተነግሮ ስላልተሰማበት፣ ውጤቱ መጥቶ ስላልተነበበበት፣ ወደ ስፔሻሊስት ሪፈር መጻፍ ሲገባ ስላልተጻፈበት ጉዳይ ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን ለክስ የሚያቀርብ ሰው ሲኖር ፍርድ ቤቱ ቢመልሰው ቅር አይለኝም።

እዚህ ላይ ሕጉም መለኪያ አለው። በእንግሊዝ ከ1957 ጀምሮ የሚሠራበት መስፈርት ሐኪሙ ያደረገውን በሙያው የሚታመኑ ሌሎች ሐኪሞች ይቀበሉታል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ብቻውን ለታማሚ ከባድ ነበር። ባልደረቦቹ «እኛም እንዲሁ እናደርግ ነበር» ካሉ ነገሩ ያበቃ ነበርና። በ1997 የአገሪቱ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ችሎት አንድ ነገር ጨመረበት፦ የባለሙያዎቹ አስተያየት በአመክንዮ ሲፈተሽ የሚቆም መሆን አለበት። ይህ ጭማሪ ትልቅ ነው። ዳኛው የባለሙያን ቃል ሰምቶ ዝም ብሎ እንዲያጸድቅ አይገደድም ማለት ነው። በየትኛውም አገር የምትፈርዱ ዳኞች ይህን እንድታስቡበት እለምናለሁ። የሕክምና ቋንቋ ከባድ ስለሆነ ብቻ ጥያቄ ከመጠየቅ አትቆጠቡ።

አሁን ወደ ይርጋው ልምጣ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በዋናነት እሱ ነው።

ሕግ ክስ የሚቀርብበትን ጊዜ ይወስናል። ለዚህ ምክንያት አለው። ምስክር ይረሳል፣ ሰነድ ይጠፋል፣ ማንም ሰው ዕድሜ ልኩን ክስ ሲጠብቅ መኖር የለበትም። እስማማለሁ። የማልስማማው ቆጠራው በሚጀመርበት ቀን ነው። መኪና የገጨው ሰው የተጎዳበትን ቀን ያውቃል። በሽታው ያልታወቀለት ሰው ግን የሚያውቀው ነገር የለም። «ደህና ነህ» ተብሎ በደስታ ወደ ቤቱ ሄዷል። ቆጠራው ያን ቀን ከጀመረ በሽታው ውስጥ ለውስጥ ሲያድግ የክስ መብቱም አብሮ እያለቀ ነው። ጥፋቱ ረዘም ላለ ጊዜ በተደበቀ መጠን አጥፊው ይበልጥ ይጠበቃል።

በኒው ዮርክ የሆነውን ልንገራችሁ። በ2010 አንዲት እናት ደረቷን አሟት ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሄደች። ራጅ ተነሣች። ሳንባዋ ላይ አጠራጣሪ ነገር ታየ። የነገራት ሰው ግን የለም። በ2012 ታማ ስትመለስ ካንሰሩ ተሰራጭቶ ነበር። ያኔ ነው የድሮው ራጅ ምን ያሳይ እንደነበር የታወቀው። በመንግሥት ሆስፒታል ላይ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ ስህተቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ብቻ ስለነበር አልፎባታል። በ2013 ሞተች። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2018 የላቨርን ሕግ ተብሎ በስሟ የሚጠራው ሕግ ወጣ። አሁን በዚያ ግዛት ካንሰር ሳይታወቅለት የቀረ ሰው የክስ ጊዜው የሚቆጠርበት ስህተቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከሚገባው ቀን ጀምሮ ነው። ስህተቱ ከተፈጸመ ከ7 ዓመት በኋላ ግን አይቻልም።

ሕጉ ለካንሰር ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል። ነርቩ የሞተበት፣ ዓይኑ የጠፋበት፣ እግሩ የተቆረጠበት ሰውስ? የእንግሊዝ የ1980 የይርጋ ሕግ እዚህ ላይ ይሻላል። ሦስት ዓመቱ ከጉዳቱ ቀን ወይም ተጎጂው ካወቀበት ቀን ይቆጠራል። «ማወቅ» ሲልም ጉዳቱ ቀላል አለመሆኑንና ጉዳቱ ከተከሳሹ ድርጊት ወይም ሳያደርግ ከተወው ነገር ጋር የሚገናኝ መሆኑን ማወቅ ነው። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ወሳኝ ነው። መታመምን ማወቅ አንድ ነገር ነው። ቀድሞ መታወቅ የነበረበት በሽታ መሆኑን ማወቅ ሌላ ነው። እኔ ከቀዶ ጥገናው ስነቃ መጎዳቴን አውቄያለሁ። ቀደም ሲል የተናገርኳቸው ምልክቶች አስቸኳይ ምርመራ የሚያሻቸው እንደነበሩ ግን የነገረኝ አልነበረም። ይህን የሰማሁት ብዙ ቆይቶ ከሌላ ሐኪም ነው። ቆጠራው ከየትኛው ቀን መጀመር እንዳለበት እናንተው ፍረዱ።

ክሱ በጊዜው ቢቀርብም ሁለተኛ ገደል አለ። የምክንያትና የውጤት ጥያቄ ይባላል። ተከሳሹ «አዎ ዘግይቻለሁ፤ ግን በጊዜው ባውቀውም አትድንም ነበር» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። በ1960ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ በአርሴኒክ የተመረዘ የሌሊት ዘበኛ ሆስፒታል ሄዶ ሐኪሙ ሳያየው ወደ ቤቱ ተመለሰና ሞተ። ፍርድ ቤቱ ሐኪሙ አጥፍቷል አለ። ግን ቢያየውም መድኃኒቱ በጊዜ ስለማይደርስ ሞቱን አያስቀርም ነበር ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገው። ለቤተሰቡ መራራ ነው፤ አመክንዮው ግን ይገባኛል።

የማይገባኝ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነው። በ1983 በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የሳንባ ካንሰር ጉዳይ ቀረበለት። ምርመራው በመዘግየቱ የታማሚው አምስት ዓመት የመኖር ዕድል ከ39 በመቶ ወደ 25 በመቶ ወርዷል ተባለ። ፍርድ ቤቱ የጠፋው ዕድል ራሱ ለክስ ይበቃል፣ ጉዳዩ ይታይ አለ። በ2005 የእንግሊዝ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ችሎት በጣም የሚመሳሰል ጉዳይ አየ። ብብቱ ሥር እብጠት የነበረበትን ሰው ሐኪሙ «ስብ ነው» ብሎት ነበር። ሊምፎማ፣ ማለትም የሊምፍ ሥርዓት ካንሰር፣ ሆኖ ተገኘ። ዘጠኝ ወር ገደማ ዘግይቷል። የመዳን ዕድሉ ከ42 በመቶ ወደ 25 በመቶ ወረደ። ታማሚው ሦስት ለሁለት በሆነ የዳኞች ድምፅ ተሸነፈ። ለምን? መጀመሪያውኑ ዕድሉ ከግማሽ በታች ስለነበር «በጊዜው ቢታወቅ ይድን ነበር» ብሎ ማስረዳት አልቻለም።

አስቡት። ዕድሉ 51 በመቶ የነበረ ሰው ሙሉ ካሳ ያገኛል። 42 በመቶ የነበረው ባዶ እጁን ይመለሳል። በዚህ ስሌት መጀመሪያውኑ በጠና የታመመን ሰው ችላ ማለት ምንም አያስከፍልም። በጣም መትጋት የሚያስፈልገው ለእሱ ሆኖ ሳለ! የእንግሊዝ ዳኞች ስጋታቸውን ደብቀው አላለፉም፤ እንዲህ ያለ ካሳ ከተፈቀደ ለጤና አገልግሎቱና ለመድን ድርጅቶች ሸክሙ ይበዛል ብለዋል። ስጋቱን አልንቀውም። መፍትሔው ግን አስቸጋሪ አይደለም። ሙሉ ካሳ ይከፈል የሚል የለም። በጠፋው ዕድል መጠን ይከፈል ነው የምለው። ፈረንሳይ ከ1965 ጀምሮ በሕክምና ጉዳይ ለጠፋ ዕድል ካሳ ትፈቅዳለች። የጤና ሥርዓቷም በዚህ አልፈረሰም።

ሦስተኛው ገደል ማስረጃ ነው። የማስረዳት ሸክሙ የከሳሹ ነው፤ ማስረጃው ያለው ግን በተከሳሹ እጅ ነው። የሕክምና ካርዱ፣ ነርሷ ስገባ የመዘገበችው፣ የራጁ ሪፖርት፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ የወጣበት ሰዓት፣ ማን እንዳየው የሚያሳየው ፊርማ። በዘገየ ምርመራ ጉዳይ ሁሉም ነገር የሚያርፈው በቀንና በሰዓት ላይ ነው። አንድ ገጽ ከጎደለ ጉዳዩ ይወድቃል። እኔ ካርዴን ስጠይቅ «ፋይሉ ሲገኝ እንደውልልሃለን» ተባልኩ። በኋላ ሲሰጠኝ ስለ ሽንቴ የተናገርኩበት ቀን የተጻፈበት ገጽ አልነበረም። ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ ማንንም በስም አልወነጅልም። ታማሚ የራሱን ሙሉ ካርድ ኮፒ በአጭር ጊዜ ውስጥ የማግኘት መብት በሕግ ይቀመጥ። ገጽ ከጠፋ ደግሞ ያ ጥርጣሬ ፋይሉን በሚጠብቀው ተቋም ላይ ይረፍ እንጂ በታማሚው ላይ አይረፍ።

የባለሙያ ምስክርም እንዲሁ ነው። በባልደረባው ላይ ለመመስከር ደፍሮ የሚመጣ ሐኪም ማግኘት ጣጣ ነው። በአንድ ሙያ ያሉ ሰዎች ይተዋወቃሉ። ነገ አብረው ይሠራሉ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ነፃ የሆነ፣ ፍርድ ቤት የሚመርጠው፣ ክፍያውም ከከሳሽና ከተከሳሽ እጅ በቀጥታ የማይመጣ የባለሙያዎች ስብስብ ቢኖር ለሐኪሙም ለታማሚውም ይጠቅማል።

ካሳ ስንል ሰው ወዲያው የሚያስበው «ገንዘብ ሊበላ ነው» ብሎ ነው። ይህን ፊት ለፊት ሰምቻለሁ። ካሳ ማለት ያጣሁት ደመወዝ ነው። በየቀኑ የምጠቀምበት ካቴተር ነው። በተደጋጋሚ የሚመጣብኝ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ኩላሊቴ እንዳይጎዳ የማደርገው ክትትል ነው። እኔን ለመርዳት ሥራውን የተወ የቤተሰብ አባል ነው። ሥቃዩና ውርደቱም ዋጋ አለው፤ ለሱ የሚሰጠው የሞራል ካሳ የስም ያህል ብቻ ከሆነ ግን ባይሰጥ ይሻላል። እነዚህን ወጪዎች አጥፊው ካልከፈለ የሚከፍላቸው የተጎዳው ቤተሰብ ነው። ሌላ የሚከፍል የለም።

ፍርድ ቤት ብቸኛው መንገድ አይደለም። ኒውዚላንድ ከ1974 ጀምሮ ጉዳት የደረሰበት ሰው ከሕዝብ ፈንድ ካሳ የሚያገኝበት ሥርዓት አላት፤ ዛሬ የሐኪሙን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ሲዊድን በ1975 የታማሚዎች መድን ጀመረች፣ ፊንላንድ በ1987 በሕግ ተከተለቻት። በሲዊድን የሚጠየቀው ጥያቄ ልምድ ያለው ስፔሻሊስት ቢሆን በሽታውን ያውቀው ነበር ወይ ነው። ጣት መቀሰር የለበትም። ሐኪሙም ክስ ፈርቶ አይደብቅም። እኔ ይህን መንገድ በጣም እደግፈዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልቀበልም። ኒውዚላንድ ፈንዱን ስታቋቁም ለጉዳት ካሳ መክሰስን ዘግታለች። ሌላ አገር ይህን ሲቀዳ በሩን እንዲዘጋ አልመክርም። ፈንዱ ትንሽ ከፍሎ ዝም የሚያሰኝ እንዳይሆን ፍርድ ቤት ከጀርባ መቆም አለበት።

እውነት መናገርም ከክስ ያድናል። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተቋም ከ2001 ጀምሮ ስህተት ሲፈጠር ራሱ መርምሮ ለታማሚው ይናገራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ጥፋቱ የእሱ ከሆነ ካሳ ራሱ ያቀርባል። በ2010 የታተመ ጥናት ከዚያ በኋላ የሚቀርብበት ክስ መቀነሱን አሳየ፤ ጉዳዮቹም ቶሎ አለቁ። እንግሊዝም በ2014 የጤና ተቋማቷ ለተጎዳ ታማሚ እውነቱን የመንገር ሕጋዊ ግዴታ ጣለች። እኔ የሆነውን ነገር ያን ጊዜ የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ቢኖር ጠበቃ ፍለጋ የምዞርበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ቁጭ ብለን እንነጋገር ነበር።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎች፣ ይርጋው ተጎጂው ስህተቱን ካወቀበት ቀን እንዲቆጠር አድርጉ፤ ለካንሰር ብቻ ሳይሆን ለሁሉም። የጠፋ ዕድል በመጠኑ እንዲካስ ጻፉ። ካርዱ የታማሚው መሆኑን አረጋግጡ። ዳኞች፣ ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ «ማወቅ» የሚለውን ቃል ስትተረጉሙ አልጋ ላይ ያለውን ሰው አስታውሱት።

የጤና ተቋማት ኃላፊዎች ግን አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። በየፋይሉ ውስጥ ተጽፈው ለታማሚው ያልተነገሩ የራጅ፣ የባዮፕሲ (ከሰውነት ተቆርጦ የሚወሰድ ናሙና ምርመራ) እና የላቦራቶሪ ሪፖርቶች አሉ። አንድ ሰው መድቡ፣ ይፈልጋቸው። አጠራጣሪ የተባለ ውጤት ያለበት ታማሚ ሳይሰማ ቀርቶ እንደሆነ ዛሬውኑ ይደወልለት። ከዘገየም መዘግየቱ አብሮ ይነገረው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከተጎዱት አንዱ